የብዙኃን ምርጫና የግል ፍርድ፤ ጥቆማ ሰጪ መሣሪያ በካርታ ጨዋታ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ሲመዘን

መግቢያ

ጨዋታ ለትምህርት የሚሰጠው ጠቀሜታ በመምህራን ዘንድ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ይሁን እንጂ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹን በእርግጥ የሚያስተምረው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ቀላል አይሆንም። በአንዳንድ ጨዋታዎች ዋናው ትምህርት የሚገኘው ከጨዋታው ሰዓት ሳይሆን ከጨዋታው በፊት ከሚደረገው ዝግጅት ነው። ከእነዚህም አንዱ በአሜሪካ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋው የካርታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ካርታዎችን እየገዙና እየተለዋወጡ ካጠራቀሙ በኋላ ከክምችታቸው መርጠው የየራሳቸውን የመጫወቻ ጥቅል ያዘጋጃሉ።

በዚህ ጨዋታ ዙሪያ ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት መሣሪያ ተስፋፍቷል። መሣሪያው እጅግ ብዙ ተጫዋቾች ያዘጋጇቸውን ጥቅሎች በኮምፒዩተር ቆጥሮ፣ ሌሎች የመረጡት ይህን ነው በማለት ለሚቀጥለው ተጫዋች ጥቆማ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው በጥቅሎች ልዩ ልዩነት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ መመዘን፣ ከምዘናውም የሚገኘውን ትምህርት ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ መስሎ ቢታይም ጥያቄው መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ይኸውም የተሠራ መልስ ከሐሳብ ቀድሞ ሲቀርብ ሐሳቡ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

የጨዋታው ባሕርይ

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው ጨዋታ ለገበያ የቀረበው በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። አሳታሚው በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ ኩባንያ ነው። መጀመሪያ የታተሙት የካርታ ዓይነቶች 295 ነበሩ፤ ዛሬ ግን ቁጥራቸው ከ25,000 በላይ ደርሷል። እያንዳንዱ ካርታ የራሱ ስምና የራሱ ሕግ አለው። ብቻውን ሲታይ ደካማ የሆነ ካርታ ከሌላው ጋር ሲጣመር ብርቱ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ጥቅል ማዘጋጀት ማለት ጥሩ ጥሩውን ለቅሞ መደርደር ሳይሆን፣ የሚደጋገፉትን ፈልጎ ማገናኘት ማለት ነው።

የሥራውን ስፋት ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ከ25,000 ካርታዎች ውስጥ ሁለት ሁለቱን ብቻ ለማጣመር የሚቻልበት መንገድ ከ312 ሚሊዮን ይበልጣል። አንድ ተጫዋች እያንዳንዱን ካርታ በአንድ ደቂቃ ላንብብ ቢል ከ416 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢያነብ እንኳ ከ50 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

በጨዋታው ውስጥ ልዩ ልዩ የአጫዋወት ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ለዚህ ምዘና የተመረጠው ኮማንደር ወይም «አዛዥ» የተባለው ነው። ይህ አጫዋወት በተጫዋቾቹ በራሳቸው ተፈጥሮ ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ ኩባንያው በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የሚሆኑ የተዘጋጁ ጥቅሎችን ማሳተም ጀመረ። ሕጉ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተጫዋቹ አንድ ዝነኛ ገጸ ባሕርይ የተሣለበትን ካርታ በአዛዥነት ይመርጣል፤ ከዚያም የአዛዡን ቀለም ተከትሎ 99 ሌሎች ካርታዎችን ይጨምርና ጥቅሉን 100 ያደርሳል። ከመሠረታዊ የመሬት ካርታዎች በቀር አንድ ካርታ በአንድ ጥቅል ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መግባት አይፈቀድለትም። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዎች አብረው ይጫወቱታል።

እያንዳንዱ ካርታ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገባ የተደነገገው አንዱ ጨዋታ ከሌላው እንዲለይ ነው። በዚህም የተነሣ ኮማንደር ከማሸነፍ ይልቅ የተጫዋቹ ጠባይና ምርጫ የሚታይበት አጫዋወት ነው ተብሎ ሲነገርለት ኖሯል። ምዘናው በዚህ አጫዋወት ላይ ያተኮረውም ስለዚህ ነው፤ ልዩ ልዩነት ዓላማው በሆነ አጫዋወት ውስጥ ልዩ ልዩነት ከጠበበ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

የመሣሪያው አሠራር

በኮማንደር ተጫዋቾች ዘንድ በሰፊው የታወቀው ጥቆማ ሰጪ መሣሪያ ኢዲኤችሬክ የተባለው የኢንተርኔት ገጽ ነው። ተጫዋቾች የጥቅላቸውን ዝርዝር ለዚህ በተዘጋጁ ልዩ ልዩ የኢንተርኔት መመዝገቢያዎች ላይ ያሰፍራሉ። ገጹ እነዚህን ዝርዝሮች አሰባስቦ በየአዛዡ ይመድባቸዋል፤ ተጫዋቹ አንድ አዛዥ በጠራ ጊዜም፣ ያንን አዛዥ በያዙት ጥቅሎች ውስጥ እያንዳንዱ ካርታ ከመቶ በስንቱ እንደተገኘ ያሳየዋል።

ከዚህም ሌላ «የመደጋገፍ ነጥብ» ሊባል የሚችል ስሌት አለው። ስሌቱ ካርታው በአዛዡ ጥቅሎች ውስጥ ካለው የመቶኛ ድርሻ ላይ፣ በቀለም ምክንያት ካርታውን መያዝ በሚችሉ ጥቅሎች ሁሉ ውስጥ ያለውን ድርሻ ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል አንድ ካርታ በአንድ አዛዥ ጥቅሎች ከመቶ 60፣ በጠቅላላው ግን ከመቶ 10 ብቻ ቢገኝ ነጥቡ 50 ይሆናል። ሌላው ካርታ በአዛዡ ጥቅሎች ከመቶ 85፣ በጠቅላላውም ከመቶ 84 ቢገኝ ነጥቡ 1 ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ስሌቱ ለአዛዡ በተለይ የሚስማማውን ካርታ ሰው ሁሉ በየጥቅሉ ከሚያስገባው ካርታ ይለያል። ይህ ስሌት የመሣሪያው አዘጋጆች ተራ ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ መገንዘባቸውን የሚያሳይ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

የመሣሪያው በጎ ጎን

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን በቅድሚያ የመሣሪያውን ጥቅም መናገር ተገቢ ነው። ከላይ እንደተመለከተው ካርታዎቹን ሁሉ አንብቦ መጨረስ ለተራ ተጫዋች የማይሞከር ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ታትሞ የተረሳ ካርታ ዛሬ ለታተመ አዛዥ የሚስማማ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰው ይህን አግኝቶ ከመዘገበ መሣሪያው ለሌሎቹ ያደርስላቸዋል። ልምድ ያለው ጓደኛ በአቅራቢያው የሌለው ጀማሪም ከማያውቃቸው ተጫዋቾች ልምድ ይቀስማል።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ አለ። ከመሣሪያው በፊት በነበረው ዘመን ይታይ የነበረው ልዩ ልዩነት ሁሉ የአስተሳሰብ ውጤት አልነበረም። ብዙው የመጣው ከእጥረትና ካለማወቅ ነበር፤ ተጫዋቹ በእጁ የገባውን ካርታ ያስገባል፣ ያልገባውን ይተዋል። አለማወቅ የወለደው ልዩ ልዩነት ለብቻው ሊወደስ አይገባውም። እንዲሁም የሌላውን ዝርዝር እንዳለ መቅዳት ከመሣሪያው በፊት፣ ኢንተርኔት ገና ሲስፋፋ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በውድድር ተጫዋቾች ዘንድ የተጀመረ ልማድ ነው። ስለሆነም ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ጥያቄው መሣሪያው በምን መንገድ ልዩ ልዩነትን ሊያጠብ እንደሚችል ለይቶ ማወቅ ነው።

የመሣሪያው ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት መሣሪያው ምርጫን እንጂ የምርጫን ምክንያት አለመቁጠሩ ነው። ለዚህ ሶል ሪንግ የተባለው ካርታ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ካርታው በትንሽ ወጪ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ብዙ ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ በአብዛኞቹ የኮማንደር ጥቅሎች ውስጥ ይገኛል። ብርቱ ካርታ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ኩባንያው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያሳትማቸው የተዘጋጁ ጥቅሎች ውስጥ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ይህንኑ ካርታ ሲያስገባ ቆይቷል። አንድ ሰው የተዘጋጀውን ጥቅል ገዝቶ ጥቂት ካርታዎችን ለውጦ ዝርዝሩን ሲመዘግብ፣ ያልለወጠው ሁሉ እንደ ምርጫ ይቆጠርለታል። አስቦ ያስገባውና ሳያስብ የተወው በቆጠራው ውስጥ እኩል ድምፅ አላቸው።

ሁለተኛው ጉድለት የመሣሪያው ውጤት ተመልሶ የመሣሪያው መነሻ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ጥቆማውን ተከትሎ ያዘጋጀውን ጥቅል ይመዘግባል፤ መሣሪያውም ይህንኑ ጥቅል እንደ አዲስ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ትናንት ከመቶ 40 የነበረው ካርታ በገጹ ራስ ላይ ስለታየ ከመቶ 50 ይሆናል፤ ከመቶ 50 በመሆኑም ይበልጥ ይታያል። ገደል ማሚቶ የሰውን ድምፅ መልሶ ሲያሰማ ሌላ ሰው የመለሰ እንደሚመስል ሁሉ፣ የመሣሪያውም ቁጥር የብዙ ነጻ ሰዎች ምስክርነት መስሎ ይታያል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የዚህን አካሄድ ጠባይ በግልጽ አሳይቷል። 14,341 ተሳታፊዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲወስዱ ተደረገ። አንዳንዶቹ የሌሎችን ምርጫ ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት ግን በስምንት ጭፍራ ተከፍለው በየጭፍራቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተወሰደ እያዩ መረጡ። ቁጥሩን ባዩት ዘንድ ተወዳጁ ዘፈን ይበልጥ ተወዳጅ፣ የተተወውም ይበልጥ የተተወ ሆነ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቀዳሚ የሆነው ዘፈን በየጭፍራው መለያየቱ ነው። እጅግ ጥሩ የተባሉት ፈጽመው የወደቁበት፣ እጅግ ደካማ የተባሉትም የበላይ የሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነበር፤ በመካከል ያሉት ግን ዕጣቸው ከጥራታቸው ይልቅ መጀመሪያ በማን እንደተመረጡ የተወሰነ ነበር። በካርታ ጥቅልም ውስጥ ብዙዎቹ ካርታዎች የመካከለኞች ወገን ናቸው።

ሦስተኛው ጉድለት ተሞክሮ የተጣለውን ካርታ ፈጽሞ ካልታየው መለየት አለመቻሉ ነው። አንድ ካርታ በአንድ አዛዥ ጥቅሎች ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ ካልተገኘ፣ ምክንያቱ አንድም ብዙዎች ሞክረውት አልረባ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ አንድም ማንም ልብ ሳይለው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በመሣሪያው ዘንድ ሁለቱም ባዶ ናቸው። አዲስ ግኝት የሚገኘው ግን ከሁለተኛው ወገን ነው። እንግዲህ መሣሪያው ዝም የሚለው ሐሳብ እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

አራተኛው ጉድለት ከሁሉ ይበልጥ የረቀቀ ነው። መሣሪያውን የሚጠቀም ተጫዋች አድማሱ የጠበበ ሆኖ አይሰማውም፤ እንዲያውም ከዚህ በፊት ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ካርታዎች ስለሚያገኝ የሰፋ ይመስለዋል። በእርግጥም ለእርሱ ሰፍቷል። ነገር ግን ጎረቤቱም ሌላውም ተጫዋች በዚያው ቀን ያገኙት እነዚያኑ አዳዲስ ካርታዎች ነው። ዳንኤል ፍሌደርና ካርቲክ ሆሳናጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ማኔጅመንት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በስሌት አስረድቷል፤ ሽያጭን መሠረት ያደረገ ጥቆማ የእያንዳንዱን ሰው የምርጫ ዓይነት እያበዛ፣ የጠቅላላውን ሕዝብ የምርጫ ልዩ ልዩነት ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱ ነገሮች የሚቃረኑ ቢመስሉም አይቃረኑም።

በዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። በየዓመቱ አዳዲስ አዛዦች ስለሚታተሙና ብዛታቸውም ከሺህ ስለሚበልጥ ልዩ ልዩነት አልጠፋም ይባል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩ ልዩነቱ ቦታውን ለውጧል። ቀድሞ በ99ኙ ካርታዎች ምርጫ ላይ ይታይ የነበረው አሁን በአንዱ ካርታ፣ ማለትም በአዛዡ ምርጫ ላይ ወደ መታየት ያዘነብላል። አዛዡ ከተመረጠ በኋላ የሚከተለው ሥራ የመፈለግና የማገናኘት ሥራ መሆኑ ቀርቶ ከዝርዝር ላይ የመልቀም ሥራ ለመሆን ተቃርቧል።

ሌሎች መፍትሔዎች ሲነጻጸሩ

ይህን ችግር ለማቃለል በጨዋታው ዓለም የተሞከሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው መረጃውን መቀነስ ነው። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ከሚካሄዱት ውድድሮች የሚያሳትማቸውን የአሸናፊ ዝርዝሮች ቁጥር ቀንሷል፤ ምክንያቱም የጨዋታው ምሥጢር ቶሎ ተፈትቶ እንዳያልቅ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀትን በመደበቅ የሚገኝ ልዩ ልዩነት ከላይ እንደተጠቀሰው አለማወቅ የወለደው ልዩ ልዩነት ስለሆነ ለመምህር አርአያ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ከራሱ ከጋርፊልድ የመጣ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው ኪይፎርጅ በተባለው ጨዋታ እያንዳንዱ ጥቅል 36 ካርታዎችን የያዘ ሆኖ በኮምፒዩተር ይዘጋጃል፤ ከሌላው ጥቅል ጋር አይመሳሰልም፤ ገዢውም አንዲት ካርታ መለወጥ አይፈቀድለትም። በዚህ ጨዋታ ልዩ ልዩነት ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል። ነገር ግን የተጠበቀው ጥቅል የማዘጋጀትን ሥራ በማስቀረት ነው። ተጫዋቹ በተሰጠው ጥቅል እንዴት እንደሚጫወት ይማራል፤ እንዴት እንደሚዘጋጅ ግን አይማርም። ከዚህ የምንረዳው ልዩ ልዩነትና የግል ፍርድ አንድ አለመሆናቸውን ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ምሳሌ ድራፍት ከተባለው አጫዋወት ይገኛል። በዚህ አጫዋወት በተለምዶ ስምንት ተጫዋቾች እሽግ እየፈቱ አንዳንድ ካርታ መርጠው የቀረውን ለጎረቤታቸው ያሳልፋሉ፤ በመጨረሻም ቢያንስ 40 ካርታ ያለው ጥቅል ያዘጋጃሉ። ለዚህም የሚያገለግል 17 ላንድስ የተባለ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ግን በዋናነት የሚያሳየው ካርታው በተያዘባቸው ጨዋታዎች ከመቶ በስንቱ ድል እንደተገኘ ነው። መለኪያው ምርጫ ብቻ ሳይሆን ውጤትም ስለሆነ ከተራ ቆጠራ ይሻላል። ከዚህም በላይ ሁሉም ተጫዋቾች አንዱን ካርታ ከፈለጉ ካርታው ቶሎ ያልቃል፤ የተናቀው ግን ዘግይቶም ይገኛል። ስለሆነም ብዙኃኑ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ወደ ሌላው ወገን ማየት ጥቅም ያስገኛል። በኮማንደር ዝግጅት ግን እንዲህ ያለ ሚዛን የለም፤ ሰው ሁሉ አንድ ካርታ ቢመርጥ ለሚቀጥለው መራጭ በዝርዝሩ ላይ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆን ትምህርት

በአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዓት ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ልምድ ይገኛል። መምህሩ ለተማሪዎቹ ቅኔ ይነግራል፤ ምሥጢሩንም ያብራራል። ተማሪው ግን የተነገረውን መልሶ በማቅረብ አይመሰገንም። ገለል ብሎ ብቻውን ይቀመጥና፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። በዚህ ሥርዓት «መቁጠር» ማለት ራስ ማሰብ ነው፤ በመሣሪያው ዘንድ ግን መቁጠር ማለት ሌሎች ያሰቡትን መደመር ነው። አርአያ በሁለቱም ዘንድ አለ። ልዩነቱ በቅኔ ቤት አርአያው መንገድ ያሳያል እንጂ የተማሪውን ሥራ አለመተካቱ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ መሣሪያውን የሚያሻሽለው ነገር በአጠቃቀሙ ቅደም ተከተል ላይ ይገኛል። ተጫዋቹ መጀመሪያ በራሱ አስቦ ሃያ ወይም ሠላሳ ካርታ ከመረጠ በኋላ መሣሪያውን ቢጠይቅ፣ ጥቆማው ለእርሱ ሥራ እርማት ይሆንለታል። ከዝርዝሩ ጋር የማይስማማበትን ቦታ አይቶ «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት ወይስ ብዙኃኑ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያስብ በቅድሚያ ቢጠይቅ ግን የሚያነጻጽርበት የራሱ ሥራ የለውም። መሣሪያው አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተማሪ ወይም ገልባጭ ያደርገዋል።

ለክፍል ትምህርትም ይኸው ይሠራል። መምህሩ የተሠራ ምሳሌ ወይም የሌሎች ተማሪዎችን መልስ ከማሳየቱ በፊት ተማሪው በጽሑፍ የራሱን ሙከራ እንዲያቀርብ ቢያደርግ፣ ቀጥሎም ከመልሶቹ ሦስቱን መርጦ ምክንያታቸውን እንዲያስረዳ ቢጠይቀው፣ ምርጫው ከነምክንያቱ ይታያል። ብዙዎች የሰጡትን መልስ ብቻ ሳይሆን ጥቂቶች የሰጡትንም ለይቶ ማወያየት ይጠቅማል።

ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሦስት ነገሮችን ልብ ሊሉ ይገባል። አንደኛ፣ አንድ የትምህርት ዕቅድ አርአያ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ መዋሉ ብቻውን የጥራቱ ማስረጃ አይደለም፤ እንደ ሶል ሪንግ ሁሉ ከመጀመሪያው አብሮ ስለተላከ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመምህራን የሚሰበሰበው ሪፖርት ምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ምን ተሞክሮ እንደተተወና ለምን እንደተተወ የሚገለጽበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ የተጣለውና ያልታየው አይለዩም። ሦስተኛ፣ ዛሬ የትምህርት ዕቅድ በኮምፒዩተር ጥቆማ ማዘጋጀት እየተለመደ በሄደ መጠን፣ ለመምህሩ የሚላከው መምሪያ ክፍት ቦታ እንዲኖረው ማድረግ አስፈላጊ ነው። መምህሩ የአካባቢውን ሁኔታ አይቶ የሚሞላው ቦታ ከሌለ፣ የቆላውና የደጋው ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ዕቅድ ይዘው መገኘታቸው አይቀርም፤ እያንዳንዱ መምህር ግን አዲስ ነገር ያገኘ ይመስለዋል።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ምዘና ጥቆማ ሰጪ መሣሪያ ይወገድ የሚል አይደለም። ከ25,000 ካርታዎች ፊት ለቆመ ሰው መሣሪያው እውነተኛ እርዳታ ነው፤ የመደጋገፍ ነጥቡም የታሰበበት ስሌት ነው። በገጹ ላይ የራሱን ቁጥሮች የሚመረምሩና አብዝተው የሚመረጡ ካርታዎችን የሚተቹ ተከታታይ ጽሑፎች መውጣታቸውም በበጎ ሊታይ ይገባዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚነግረው ሌሎች ያደረጉትን ነው፤ ለምን እንዳደረጉት አይነግርም፤ ያላደረጉትንም አይመረምርም። ይህ ክፍተት የሚሞላው በተጫዋቹ በራሱ ሐሳብ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ይህን ሥራ ለመሣሪያው የተወ እንደሆነ መሣሪያው ራሱ ይደኸያል፤ ምክንያቱም የሚቆጥረው የሰዎችን ሐሳብ ሲሆን፣ አስቦ የሚጨምርለት ሰው ካልተገኘ ትናንት የቆጠረውን መልሶ ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። መምህራን በየክፍላቸው ተማሪው ከመጠየቁ በፊት እንዲሞክር የሚያደርጉት ጥቂት ደቂቃ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግል ነውና፣ በሚወጡት የትምህርት ዕቅዶች ውስጥ የራሱ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።